ቀድሞ የደረሰ መልስ

የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ዳቦውን በሻይ እየነከረ በልቶ ሲያበቃ፣ አፉን እንኳ ሳይጠርግ፣ ለእህቱ ጥያቄ ሰጣት። ጥያቄ ጠየቃት አይደለም፤ ሰጣት። ዛሬ ረፋድ ላይ በወረዳው ጽሕፈት ቤት አዳራሽ ኃላፊዎቹ ከነዋሪው ጋር ይወያያሉ። እሷም እጇን አውጥታ ትነሳለች። መጀመሪያ መድረኩን ታመሰግናለች፤ ቀጥላ ዋናው መንገድ ላይ የተተከሉት መብራቶች ለሴቶችና ለልጆች ያመጡትን ሰላም ትናገራለች፤ በመጨረሻም ሁለተኛው ዙር ወደ እነሱ መንደር መቼ እንደሚዘልቅ ጠይቃ ትቀመጣለች። "ከዚህ አታስረዝሚ፣ ከዚህም አታሳጥሪ" አላት፣ ሱሪ ሊያሰፋ እንደመጣ ደንበኛ።

ይህን ሁሉ ሲናገር የተቀመጠው እናታቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከመኪናው አጠገብ ጨርቅ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ማዶ አልጋው። አልጋው ላይ ለተኛ ሰው በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ጣሪያ ጠርዝና የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ነው። እናትየው ያንን ገመድ ሲያዩ ይውላሉ፤ አልጋ ላይ የጣላቸውም እሱ ነው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች መጥተው፣ ከደጃፋቸው አንድ እርምጃ ላይ ያለውን የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳን "አርጅቷል፣ የተሻለ እናመጣለን" ብለው በመኪና ጭነውት ሄዱ። የተሻለው እስካሁን እየተሻሻለ ነው መሰለኝ፣ አልመጣም። እናትየው አንድ አመሻሽ ላይ የታጠበ ልብስ ሊያስገቡ ወጥተው እስከ ወገባቸው ገቡበት። ዳሌያቸው ተሰበረ፣ ብረት ገባላቸው። ሐኪሙም አጥንቱ ከያዘ በኋላ ቁርጡን ተናገረ፤ አሁኑኑ ተነስተው መራመድ ካልጀመሩ እንደተኙ ይቀራሉ። እናትየው ግን አሻፈረኝ አሉ። ደጃፉ ላይ አፉን ከፍቶ የሚጠብቃቸው ነገር እያለ ተራመጂ ማለት ለእሳቸው ክፉ ቀልድ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ያልሄደችበት ቢሮ የለም። አንደኛው መስኮት ጉድጓዱ የፍሳሽ ነው አላት፤ ፍሳሾች ደግሞ ክዳኑ የመንገድ ነው አሏት፤ መንገዶች ደጃፉ የሰፈር ነው ብለው መለሷት። ጣውላ ጣል ብታደርግበት የዕቃ ጋሪ ወጣበትና ለሁለት ሰነጠቀው። ክዳኑን ራሷ ልታሠራ ብየዳ ቤት ሄዳ ዋጋ ጠየቀች፤ የነገሯት ዋጋ አንዲት ሙሽራን ከነሚዜዎቿ ያለብሳል። እሱንም ተበድራ ልታሠራው ስትል ወንድሟ የመንግሥትን ጉድጓድ ያለ ፈቃድ መክደን እንደሚያስቀጣ ነገራት። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። አጣርቶ ሊነግራት ነበር።

ይህ ወንድሟ የጽሕፈት ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ነው። የሥራው መጠሪያ ረጅም ነው፤ በተግባር ግን ስብሰባ ላይ ማይክ ይዞ ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው የሚሮጥ ሰው ነው። ሰፈርተኛውም ስሙን ትቶ "ማይኩ" ይለዋል። የማይኩ ጥበብ በሩጫው አይደለም፣ በአውራ ጣቱ ነው። ጣቱ ሁልጊዜ የማይኩ ማጥፊያ ላይ ናት፤ ጥያቄ ያልተሰጠው ሰው በድንገት ተነስቶ የልቡን ሊናገር ሲል ትጫናለች። ከዚያ ማይኩ ማይኩን መታ መታ ያደርግና "ባትሪው ነው" ይላል። በዚህ ከተማ ውስጥ የዚያን አዳራሽ ባትሪ ያህል ደጋግሞ የተገዛ፣ የእሱንም ያህል ቶሎ የሚያልቅ ነገር የለም።

"የጉድጓዱስ?" አለችው እህቱ፣ የሻዩን ብርጭቆ እያነሳች።

"የጉድጓዱ አልተያዘም።"

"በማን?"

"በፕሮግራሙ ነዋ፣ እትዬ። እኔ ነኝ እንዴ የምይዘው?"

እናትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ እሷ ካፈረች ተሸክመው ይውሰዷቸውና እሳቸው ይጠይቁ አሉ። ማይኩ እናቱ የቀለዱ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ብቻውን መሳቁን ሲያይ አቆመና፣ ከፕሮግራም ውጪ የሚነሳ ጥያቄ የመድረኩን መንፈስ እንደሚበጠብጥ፣ ሰውም በአንድ ጉድጓድ ምክንያት ብዙ ልማት እንደማያይ አስረዳ። አንድ ጉድጓድ ያለው እናቱ የገቡበትን ነው። እህቱ አልተከራከረችም። የጠረጴዛውን ጠመኔ ጠረገች፣ የሰው ልብስ የማትሰፋበትን ንጹሕ ቀሚሷን ለበሰች፣ እሺ አለችው። እሺ ማለቷ በጣም ደስ አሰኘው፤ መቀመጫዋ ከመተላለፊያው ዳር እንዲሆን፣ ሲመጣባት እንዳትደናገጥ መክሯት ቀድሞ ወጣ። ጉድጓዱን በተለማመደ እግር፣ ቁልቁል እንኳ ሳያይ ዘለለው።

አዳራሹ ውስጥ ሰው እንደ ጥያቄው ነበር የተቀመጠው። ጥያቄ የደረሳቸው በመተላለፊያው ዳርና ዳር፣ በእጃቸው የታሸገ ውሃ ይዘው፤ ያልደረሳቸው ከመሃል፣ ማይክ ሊደርስበት በማይችል ቦታ። መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ በእሱም ላይ እስከ ወለሉ የሚወርድ ሰማያዊ ጨርቅ። ጨርቁን የሰፋችው ራሷ ናት። ሲያዝዟት ዘርፉ ወለሉን እንዲነካ አጥብቀው ነግረዋት ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባት ልትለካ መጥታ ከመድረኩ ጀርባ ሆና ሲሰበሰቡ ስታይ ነው። ምክትል ኃላፊው ስብሰባ በተቀመጠ ቁጥር ጫማውን ያወልቃል። ነዋሪው ስለ ኑሮው ሲያለቅስ እሱ ከጨርቁ በስተጀርባ የእግር ጣቶቹን እያፍታታ ያዳምጣል። ኮሌታው ደግሞ በሚገባ የተተኮሰ፣ ግን ከአንገቱ ሁለት ጣት የሚሰፋ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ስታየው፣ ይህን ሸሚዝ ያሰፋው ለሚደርስበት ሥልጣን እንጂ ላለው አንገት አይደለም ብላ አሰበች።

አጠገቧ ጡረታ የወጣው ሹፌር ጎረቤቷ ተቀምጧል። ዘወር ብሎ፣ እንደ ፈተና ተማሪ በሹክሹክታ፣ ለእሷ የደረሳት ምን እንደሆነ ጠየቃት። መብራት አለችው።

"ታድለሽ" አለ ጡረተኛው። "ለእኔ ጽዳት ነው። ባለፈው ጊዜማ ምስጋና ብቻ ሰጥተውኝ፣ የጥያቄ ምልክት እንኳ አልነበረበትም።"

ምክትል ኃላፊው ንግግሩን ጀመረ። እሱ በሌለበት ሰዉ "አቅጣጫ" ብሎ ይጠራዋል፤ ምክንያቱም ሰውየው ያስቀመጠው አቅጣጫ ቢቆጠር ለአራቱም ማዕዘን ተርፎ ወደ ላይና ወደ ታችም ይበቃል። ሕዝብ ዓይናችን ነው አለ፤ ሕዝብ ጆሮአችን ነው አለ፤ የቀረውን የአካል ክፍል ለማዳረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። ጡረተኛው ስለ ጽዳት ጠየቀ፣ ስለ ጽዳት ተመለሰለት። አንድ ሰውዬ ስለ ወጣቶች መዝናኛ ጠየቀ፤ መልሱ ከጥያቄው የተዋበ ነበር። ከመሃል አንዲት አትክልት ሻጭ ያልተሰጣትን ጥያቄ ይዛ ተነሳችና በሰው ጉልበት ላይ ተረማምዳ ማይኩ ዘንድ ደረሰች፤ "ቧንቧችን ከ..." ስትል ባትሪው አለቀ። ሴትዮዋም የሚያደርጉትን የምታውቅ ነበረችና ማይኩን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ለክታው ተመልሳ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ማይኩ ወደ እህቱ መጣ። ማይክራፎኑን ሲሰጣት ፈገግ ብሎ ነበር፤ ማጥፊያው ያለበትን በኩል ግን በራሱ እጅ እንደያዘ ነው። ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። መድረኩን አላመሰገነችም።

"እኔ ስለ መብራት እንድጠይቅ ተሰጥቶኝ ነበር፤ አልጠይቅም" አለች። "ደጃፌ ላይ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ክዳኑን የወሰዱት የእናንተ ሠራተኞች ናቸው። እናቴ ገብታበት ዳሌዋ ተሰብሯል። ክዳኑ እስካልመጣ አልነሳም ብላ ተኝታለች፤ ካልተነሳች ደግሞ እንደተኛች መቅረቷ ነው። ይሄ ማይኩን የያዘው ልጇ ነው። ክዳኑን አምጡልን። ሌላ ጥያቄ የለኝም።"

ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ አዳራሹ በሙሉ ያየው እሷን አልነበረም፤ የወንድሟን አውራ ጣት ነበር። ጣቱ ማጥፊያው ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ጠርዙን ዳበሰች። አልተጫነችም። እያንዳንዱ ቃል በግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ ወጣ፤ "ልጇ ነው" የሚለው ደግሞ ከሌላው ጎልቶ ወጣ። የታሸገ ውሃ ሊከፍት የነበረ ሰው እጁን ክዳኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ልብስ ሰፊዋም ለአንዲት አፍታ፣ ይህንን በኋላ ስታስበው ራሷን ታዘበች፣ የሆነ ነገር የሚሆን መሰላት።

ምክትል ኃላፊው እሷ ስትናገር ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር። ዓይኑን ግን ጨፈን አድርጎ፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። አሁን ዓይኑን ገለጠ።

"እህታችን ያነሳችው ጥያቄ እጅግ ወቅታዊ ነው" አለ። "መብራት ማለት ሰላም ነው። መብራት ማለት ሥልጣኔ ነው። የመጀመሪያው ዙር ውጤት ነዋሪው ራሱ እንደመሰከረው አመርቂ ነው። ሁለተኛውን ዙር በተመለከተ፣ ይህን ጥያቄ ያቀረበችው እህታችን ደጃፍ ላይ፣ ዛሬውኑ፣ የመጀመሪያው ቁፋሮ እንዲጀመር አቅጣጫ አስቀምጠናል።"

መጀመሪያ ያጨበጨቡት አብረውት የተቀመጡት ናቸው፤ ከዚያ የፊተኛው ረድፍ፤ ከዚያ ሁሉም። ማንም አልተሳሳተም፤ ሁሉም የሰማውን ሰምቷል። ግን ጭብጨባ ሲጀመር አብሮ አለማጨብጨብ እጅን የት እንደሚያስቀምጡት ያስቸግራል። ጡረተኛው ሹፌርም ያጨበጭባል። መሃል ላይ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አለ።

"ስለ መብራት ጠየቅሽ እንዴ?"

"አልጠየቅኩም።"

"እኔም አልጠየቀችም ብዬ ነበር" አለና ማጨብጨቡን ቀጠለ።

እሷ እንደቆመች ናት። "ስለ ጉድጓዱ ነው ያልኩት" ብላ ጮክ አለች፤ ማይኩ ግን ወደ ሌላ ሰው ሄዷል፣ ድምፅዋም ከጭብጨባው ጋር ተደባለቀ። ምክትል ኃላፊው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየና የምታመሰግነው መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። ጎንበስ ሲል ጨርቁ ከፍ ብሎ የካልሲው ጫፍ ታየ፤ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል።

ከስብሰባው በኋላ ብስኩትና ለስላሳ ይታደል ነበር። ማይኩ የራሱን ድርሻ ይዞ በሩ ላይ ጠበቃትና አብረው ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። ሰፈር ሊደርሱ ሲሉ አፉን ከፈተ። እንዳላጠፋው አይታ እንደሆነ ጠየቃት። አይቻለሁ አለችው። ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ ሥራውም እሱ ነበር፤ ግን አላጠፋም። ይህንን ደጋግሞ ተናገረ፣ ቤት ያቃጠለ ሰው ክብሪቱን አልወሰድኩም ብሎ እንደሚምል። እህቱ እርምጃዋን አፈጠነች። እሱም እየተከተላት አለቃውን ወደ መከላከል ዞረ፦ ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ መልሱ ረጅም ስለነበር እንዳይጠፋው በልቡ እየደገመው ስለነበር አልሰማትም እንጂ ቢሰማት ያዝን ነበር፤ በአንድ ቀን ስንት መልስ ነው ሰው በአፉ የሚይዘው? ልብስ ሰፊዋ ቆም ብላ አየችው። ታናሿ ነው፤ የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፋችለት እሷ ናት። በዚያን ጊዜም ቢሆን ሱሪው ጠቦት እያለ ልክ ነው ይል ነበር።

ብስኩቱን ለእናቱ ይዞ ገባ። እናትየው ምን ተባለ ሲሉ፣ ማይኩ "መልስ ተሰጥቷል" አለ፤ ውሸት አልተናገረም። እህትየው የስፌት መኪናዋን ከፍታ የተጀመረ ዚፕ መስፋት ቀጠለች። እንደዚያ ዓይነት ጊዜ መኪናዋ ጥሩ ናት፤ ስትሮጥ ማንም ማንንም አያናግርም።

ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ የጭነት መኪና ቆመ። በጽሕፈት ቤቱ ወግ፣ ከመድረክ የተሰጠ መልስ በዚያው ዕለት ፎቶ ሊነሳ ይገባል፤ ለዚህ ለዚህ መሥሪያ ቤቱ ከሰማይ በታች የሚያህለው ፈጣን የለም። ማይኩ የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያ ደርቦ፣ ፎቶ አንሺውን አስከትሎ ወጣ። ዶማና አካፋ የያዙ ሰዎች ከበሩ በስተግራ፣ ከአሮጌው ጉድጓድ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ መቆፈር ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ ወጥታ የሠራተኞቹን አለቃ አነጋገረችው። እግረ መንገዳቸውን ይሄኛውን ይከድኑላት እንደሆነ ጠየቀች።

"እኛ መብራት ነን፣ እህቴ" አለ ሰውየው፣ አፍሮ ሳይሆን ኮርቶ።

እንዲያ ከሆነ ከአዲሱ የሚወጣውን አፈር ወደ አሮጌው ይወርውሩት አለችው። ፍሳሽ መዝጋት ወንጀል መሆኑን ነገራት፤ ከሕግ ጋር መጋጨት አይፈልግም። አፈሩን ከግድግዳዋ ሥር ከመሩት። የመብራቱ ምሰሶ የት እንዳለ ስትጠይቅ፣ ምሰሶው በሚቀጥለው በጀት እንደሚገዛ፣ የዛሬው ትዕዛዝ ቁፋሮ ብቻ እንደሆነ ተነገራት። ጉድጓዱ የሰው ወገብ ሲያህል ፎቶ ተነሳ፤ ሰዎቹ ዶማቸውን መኪናው ላይ ወርውረው ሄዱ። ፎቶ አንሺው ቀድሞ ሮጠ፤ ሥዕሉ ከማምሻው በፊት መለጠፍ አለበት።

ውስጥ ደግሞ እናትየው የዶማውን ድምፅ ሲሰሙ ቆይተዋል። ልብስ ሰፊዋ ስትገባ ያየችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት፦ እናቷ ማንም ሳይደግፋቸው አልጋው ላይ ተነስተው ተቀምጠዋል። እግራቸው ወለሉን ነክቷል። ጉንጫቸው እርጥብ ነው። ማይኩ ከፊታቸው ተንበርክኮ ጫማቸውን ከአልጋ ሥር ይፈልጋል።

"ደፈኑት አይደል?" አሉ እናትየው ለልጃቸው። "ወንድምሽ ሥራ ላይ ናቸው አለኝ። እግዜር ይስጣቸው። ሰው ስንት ነገር ይጠረጥራል።"

ማይኩ አንገቱን ሰብሮ ወደ እህቱ ቀና አለ። ዓይኑ ላይ ልመና ነበር። ተነስቶ ጆሮዋ ሥር፣ ለዛሬ እንኳ ትደሰት፣ ቢያንስ ተነስታለች አይደል፣ ሐኪሙም ትነሳ ነው ያለው አላት። ለአንድ ቅጽበት ልክ የሆነ ሊመስል ይችል ነበር። የእሱ ነገር ሁሉ እንዲያ ነው፣ ለአንድ ቅጽበት ልክ ይመስላል።

"ነገ ብቻዋን ትወጣለቻ" አለችው፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። "ማየት ትፈልጋለች። ያልካት አንተ ነህ፤ አንተው ያዛትና አሳያት።"

ምን ማለቷ ነው ብለው እናትየው አንዱንም ሌላውንም አዩ። ማይኩ ክንዱን ሰጣቸው፤ ሌላ ምን ይሰጣል። ከአልጋው እስከ በሩ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እሳቸው ግን በየእርምጃው እየቆሙ፣ የጨርቁን ጠረጴዛ፣ የመኪናዋን ጫፍ፣ በመጨረሻም የበሩን መቃን እየያዙ ሄዱ። ደጃፉ ላይ ደርሰው ቀና አሉ። ቀኑ ገና ብርሃን ነው፣ ሁሉም ነገር በግልጽ ይታያል።

ቀኙን ጉድጓድ አወቁት። ግራውን ግን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከሥሩ እስከ አፉ፣ እርጥቡን አፈር፣ የዶማውን ቁስል።

"ያኛው የእኔ ነው" አሉ በአገጫቸው ወደ ቀኝ እየጠቆሙ። "ይሄኛውስ የማን ነው?"

"የመብራት ነው፣ እማዬ።"

"መብራቱስ?"

"ይመጣል።"

እናትየው ይህንን አልተከራከሩም። ክንዳቸውን ከእሱ ክንድ አወጡና ልጃቸውን ወንበር እንድታመጣላቸው አዘዟት። ልብስ ሰፊዋ የስፌቷን ወንበር አመጣች። ወደ አልጋው እንደሚመለሱ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን በሩ አፍ ላይ፣ ሁለቱ ጉድጓዶች መሃል ካለችው መሬት ትይዩ አስቀምጪው አሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሰው ያልፋል፣ አንድ ሰው መንገር አለበት አሉ። ገና ሳይደላደሉ ከሥራ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች መጡና፣ በግራም አለ በቀኝም አለ፣ በመሃል እለፉ ብለው አሳለፏቸው።

ማይኩ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ሰደርያውን አወለቀ፣ መልሶ ለበሰው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንጫጫል፤ ፎቶው ተለጥፏል፣ ሰው መውደዱን እየገለጸ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ነገር እንዲያዝ ራሱ እንደሚያደርግ፣ ፕሮግራም የሚያወጡትን እንደሚያውቃቸው ነገራቸው። እናቱ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ደግሞ ነገራቸው። ፊቱን ከእሳቸው ሳያዞር፣ እየማለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ሌላም ሊጨምር እግሩን አነሳ።

"ይጠንቀቁ ጌታዬ" አሉ እናቱ፣ ለአላፊ አግዳሚው በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ። "ከኋላዎ ጉድጓድ አለ።"